በውቅያኖስ ላይ የቀረችው አሚሊያ ኤርሃርት

ከአዲ አርቃይ በስተሰሜን የሚወርደው ተከዜ የስሜንን ተራሮች ውሃ ሰብስቦ ወደ ሱዳን ከተሻገረ በኋላ አትባራ ከሚባለው ወንዝ ጋር ይገናኛል። በ1929 ዓመተ ምሕረት ሰኔ 6 ቀን፣ በስሜን ክረምቱ ሲጀምር፣ ሁለት ሞተር ያላት አንዲት አይሮፕላን ይህንኑ አትባራን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተሻግራ አለፈች። ከካርቱም ተነሥታ ወደ ምጽዋ የምትሄድ ነበረች። በውስጧ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ነጂዋ አሚሊያ ኤርሃርት የምትባል አሜሪካዊት፣ መንገድ መሪው ደግሞ ፍሬድ ኑናን የሚባል የአገሯ ሰው ነበር። ሃያ ቀን ሳይሞላ ሁለቱም ከነአይሮፕላናቸው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ጠፍተው ቀሩ።

ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የዚችን ሴት ታሪክ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ስሟን የሰማ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አጠፋፏ ብቻ ነው፤ እርሱንም እንደ ተረት አድርጎ ነው። እኔ ግን ነገሩን በተከታተልሁ መጠን የራዲዮ፣ የካርታና የደመና ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት፤ ይኸውም በፊዚክስና በሒሳብ ክፍል ከምንማረው እምብዛም የራቀ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለብቻው ካልተገለጠ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አሳስባለሁ።

አሚሊያ የተወለደችው በጁላይ 24 ቀን 1897 በካንሳስ ክፍለ ሀገር፣ አቺሰን በተባለች ከተማ፣ በእናቷ አባት ቤት ነው። አያቷ ዳኛ የነበሩ የተከበሩና ባለጸጋ ሰው ሲሆኑ፣ አባቷ ኤድዊን ኤርሃርት ለምድር ባቡር ኩባንያዎች የሚሠሩ ጠበቃ ነበሩ። እናቷ ልጆቻቸውን በጊዜው ወግ ማሳደግ አልፈለጉም፤ ለአሚሊያና ለታናሽ እኅቷ ለመሪየል ለመሮጥና ዛፍ ለመውጣት የሚመች ሱሪ መሰል ልብስ ያሰፉላቸው ስለ ነበር ጎረቤት ይታዘባቸው ነበር። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናት አሚሊያ ከዕቃ ቤቱ ጣራ ላይ እስከ መሬት ድረስ ሳንቃ አጋድማ፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ቁልቁል ተንሸራተተች። ሣጥኑ ተሰበረ፣ ቀሚሷ ተቀደደ፣ ከንፈሯም ቆሰለ፤ እርሷ ግን እየሣቀች ተነሣች።

ይህ ደስታ ብዙ አልቆየም። አባቷ መጠጥ ያበዙ ስለ ነበር ሥራቸውን አጡ፤ ቤተ ሰቡም ከከተማ ወደ ከተማ ይንከራተት ጀመር። አሚሊያ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ስትዛወር ጓደኛ ለማፍራት እንኳ ጊዜ አልነበራትም። ቺካጎ በደረሱ ጊዜ ግን አንድ ነገር አደረገች፤ ለእኛ ለተማሪዎች ከበረራዋ ሁሉ ይልቅ ይህ የሚደንቅ ይመስለኛል። ለቤታቸው ቅርብ የነበረውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዳ ብትመለከት የኬሚስትሪው ክፍል ዕቃ ከሚታጠብበት ማድ ቤት የማይሻል ሆኖ ስላገኘችው እዚያ አልማርም ብላ፣ የተሻለ የሳይንስ ክፍል ያለውን ትምህርት ቤት ራሷ ፈልጋ ገባች። ከዚያም በ1916 ጨረሰች። በዚህ ጊዜ በወንዶች ሥራ ላይ ስለ ተሠማሩ ሴቶች የሚናገሩ ወሬዎችን ከጋዜጣ እየቆረጠች በደብተር ታጣብቅ ነበር።

በ1917 የገና ዕረፍት እኅቷን ለመጠየቅ ወደ ቶሮንቶ፣ ካናዳ ብትሄድ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ቁስለኞችን በመንገድ ላይ አየች። ትምህርቷን ትታ በወታደሮች ሆስፒታል ረዳት አስታማሚ ሆና ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ አገለገለች። ኋላ ሐኪም ለመሆን አስባ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ብትገባም ከአንድ ዓመት በኋላ ተወችው።

ዕድሏ የተለወጠው በዲሴምበር 28 ቀን 1920 ነው። በካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች፣ ከአባቷ ጋር የአይሮፕላን ትርኢት ለማየት ሄደው ሳለ አባቷ አሥር ዶላር ከፍለው ለአሥር ደቂቃ ያህል አየር ላይ ወጣች። ከመሬት ጥቂት መቶ ሜትር ከፍ እንዳለች ለመብረር መፈጠሯን ዐወቀች። ነገር ግን ትምህርቱ አንድ ሺህ ዶላር ያህል የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ፎቶግራፍ እያነሣች፣ የጭነት መኪና እየነዳች፣ በስልክ ኩባንያም ጸሓፊ ሆና እየሠራች ገንዘቡን አጠራቀመች። አስተማሪዋም ኔታ ስኑክ የምትባል ሴት ነበረች። ከዚያ በኋላ አሮጌ ቢጫ ቀለም ያላት አይሮፕላን ገዝታ ካናሪ የምትባለውን የወፍ ስም አወጣችላት፤ በ1922 በዚችው አይሮፕላን 14,000 ጫማ፣ ማለት ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥታ ከሴቶች ሁሉ ቀደመች። ለማነጻጸር ያህል፣ ራስ ደጀን ከባሕር ወለል በላይ 4,550 ሜትር ያህል ነው።

በ1923 የነጂነት ምስክር ወረቀት ብታገኝም የቤተ ሰቡ ገንዘብ በማለቁ አይሮፕላኗን ሸጠች። ከዚያም ወደ ቦስተን ሄዳ ከሶርያ፣ ከቻይናና ከሌላም አገር ለመጡ ስደተኞች እንግሊዝኛ የሚያስተምር የበጎ አድራጎት ቤት ውስጥ ገባች። በሠላሳ ዓመቷ ስሟን የሚያውቅ ሰው እምብዛም አልነበረም።

በ1928 አትላንቲክን በአይሮፕላን የምትሻገር ሴት ሲፈለግ እርሷን መረጧት። ዊልመር ስተልትዝና ሉዊስ ጎርደን ከሚባሉ ሁለት ወንዶች ጋር በጁን 17 ቀን ከኒውፋውንድላንድ ተነሥታ በ20 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ዌልስ ደረሰች። የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ስሟን አነሡ፤ በኒው ዮርክም በታላቅ ሰልፍ ተቀበሏት። እርሷ ግን በዚህ አፈረች፤ በጉዞው ሁሉ መሪውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትይዝ እንደ ድንች ጆንያ ተጭና መሄዷን ለሰው ሁሉ ትናገር ነበር። ብዙ ሰው ያልሠራበትን ምስጋና ዝም ብሎ ይቀበላል፤ እርሷ ግን ዕዳ አድርጋ ቆጠረችው፤ ዕዳውንም ለመክፈል አራት ዓመት ፈጀባት።

በመካከሉ በ1931 የመጻሕፍት አሳታሚ የነበረውን ጆርጅ ፓትናምን አገባች። ስድስት ጊዜ ጠይቋት ነው እሺ ያለችው ይባላል። በሠርጓ ዕለት ጠዋት በሰጠችው ደብዳቤ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በትዳሩ ደስታ ካላገኘች እንዲለቅቃት ቃል አስገብታዋለች። ስሟንም አልለወጠችም።

በሜይ 20 ቀን 1932 ማታ አሚሊያ ብቻዋን፣ አንድ ሞተር ባላት ቀይ ሎክሂድ ቬጋ አይሮፕላን፣ ከኒውፋውንድላንድ ተነሣች። ብዙ ሳትሄድ ከፍታ የሚለካው መሣሪያ ተበላሸ። ቀጥሎ ከብርቱ ማዕበል ጋር ተገናኘች፤ የሞተሩ የጭስ ማውጫ ተሰነጠቀና ከስንጥቁ ነበልባል ሲወጣ በጨለማ ታየው ጀመር። ከደመናው በላይ ለመውጣት ብትሞክር ክንፉ በረዶ ተሸከመ፤ አይሮፕላኑም እየተሽከረከረ ወደ ታች ወረደና ማዕበሉ እስኪታያት ድረስ ከባሕሩ ጋር ተቀራረበ። ከዚያ በኋላ በረዶና ባሕር መካከል፣ ከፍታዋን ሳታውቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነዳች። ጠዋት ቤንዚን በትከሻዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በ14 ሰዓት ከ56 ደቂቃ በሰሜን አየርላንድ፣ በለንደንደሪ አጠገብ፣ ከብቶች በሚግጡበት መስክ ላይ አረፈች። አትላንቲክን ብቻዋን በአይሮፕላን የተሻገረች የመጀመሪያይቱ ሴት ሆነች። በ1935 ደግሞ ከሀዋይ ደሴቶች ወደ ካሊፎርኒያ ብቻዋን በረረች፤ ይህንንም ከእርሷ በፊት ያደረገ ወንድ እንኳ አልነበረም።

በዚያን ዘመን አይሮፕላን የምትነዳ ሴት በአሜሪካም ቢሆን ጥቂት ነበረች። በ1929 ነጂ ሴቶች ማኅበር ሲያቋቁሙ ማኅበሩ ዘጠና ዘጠኝ የሚል ስም የወጣለት የመጀመሪያዎቹ አባላት ቁጥር 99 ስለ ነበር ነው፤ አሚሊያም የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆነች። በአገራችንም ወይዘሮ ሙሉመቤት እምሩ ከጣልያን ወረራ በፊት አይሮፕላን መንዳት ተምረው ነበር፤ ጦርነቱ መጥቶ አሰናከለባቸው እንጂ። በአየር መንገዳችን የመጀመሪያይቱ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2010 በካፒቴንነት ስትነሣ የበረረችው ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥተኛ መሥመር በካርታ ላይ ያሰመረ ተማሪ መሥመሩ በእኛው ወረዳ አካባቢ ሲያልፍ ያገኘዋል።

አሚሊያ አርባ ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ፣ በምድር ወገብ አጠገብ ዓለምን ለመዞር አሰበች። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ ሴት ተማሪዎችን ትመክርበት የነበረው፣ ባሰባሰበው ገንዘብ ሎክሂድ ኤሌክትራ የተባለች ሁለት ሞተር ያላት አይሮፕላን ተገዛችላት። የመጀመሪያው ሙከራ በማርች 1937 በሆኖሉሉ ከሸፈ፤ አይሮፕላኗ ለመነሣት ስትሮጥ ወደ ጎን ተጠምዝዛ በሆዷ ወደቀች። ይህ አደጋ ሁለት ነገር አስከተለ። አንደኛ፣ የራዲዮ ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቀው ሃሪ ማኒንግ ተለያት። ሁለተኛ፣ ጥገናው ጊዜ ስለ ወሰደ የነፋሱ ወቅት ተለወጠና የጉዞው አቅጣጫ ተገለበጠ፤ ወደ ምዕራብ ይሆን የነበረው ወደ ምሥራቅ ሆነ። በዚህም ምክንያት ከሁሉ የሚከፋው የፓሲፊክ መንገድ፣ ሰውም አይሮፕላንም በደከመ ጊዜ፣ በመጨረሻ ላይ መጣ።

በጁን 1 ቀን ከማያሚ ተነሥተው በደቡብ አሜሪካ በኩል አትላንቲክን ተሻገሩ፤ ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው፣ ከላይ እንደ ተናገርሁት፣ ምጽዋ ደረሱ። በማግሥቱ አሰብ ገቡ። ምጽዋና አሰብ፣ ዛሬ በኤርትራ ያሉት ወደቦች፣ ያን ጊዜ በጣልያን እጅ ነበሩ፤ ጎንደርና አዲስ አበባም ከዓመት በፊት ተይዘዋል። የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ የፈሰሰው ደም ገና አልደረቀም ነበር። የዓለም ጋዜጦች በዚያ ክረምት ለአንዲት አይሮፕላን የሰጡትን ገጽ ያህል ለእነዚያ ሰዎች አለመስጠታቸውን ሳስብ ያዝንብኛል፤ ይህ ግን የአሚሊያ ጥፋት አይደለም። እርሷ በሰኔ 8 ቀን ጎህ ሳይቀድ ከአሰብ ተነሥታ ያለ ማረፍ እስከ ካራቺ በረረች። ከቀይ ባሕር እስከ ሕንድ ያለ ዕረፍት የተደረገ በረራ ከዚያ በፊት አልነበረም።

በበርማ የክረምቱ ዝናብ ክንፉን እስኪልጠው ድረስ ወርዶ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መለሳቸው። በጃቫ ተቅማጥ ያዛት። በጁን 29 ቀን ላኤ፣ ኒው ጊኒ ደረሱ። ከ35,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደዋል፤ የቀረው 11,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እርሱም ሁሉ ውሃ ነው።

ከላኤ የሚቀጥለው ማረፊያ ሃውላንድ የምትባል ደሴት ነበረች። ርቀቱ ወደ 4,100 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ካለው የመኪና መንገድ አምስት ጊዜ ይበልጣል። ደሴቲቱ ግን ርዝመቷ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስፋቷ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ ዛፍ የሌለባት ዝቅተኛ መሬት ናት። በሒሳብ ክፍል የተማርነውን እናስታውስ፤ አንድ ሰው በዚህ ርቀት ላይ አቅጣጫውን በአንዲት ዲግሪ ብቻ ቢስት መድረሻው ላይ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚህ ላይ ደሴቲቱ በጊዜው ካርታ የተሣለችው ከእውነተኛ ቦታዋ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ተዛንፋ ነው።

ፍሬድ ኑናን የፓሲፊክን የአየር መንገድ ከቀየሱት ሰዎች አንዱ ስለ ነበር ሥራውን ያውቃል። ነገር ግን ናቪጌተር በባሕር ላይ ቦታውን የሚያገኘው ከሰማይ ነው። አንድ ኮከብ ለክቶ አንድ መሥመር ያገኛል፣ ሁለተኛ ኮከብ ለክቶ ሁለተኛ መሥመር ያገኛል፤ መሥመሮቹ የሚቋረጡበት እርሱ ያለበት ቦታ ነው። ሰማዩ ሲጨልምና ደመና ሲሸፍነው መለኪያው በእጁ ቢሆንም የሚለካው ነገር የለም። በሐምሌና በነሐሴ ሊማሊሞ ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌር መብራት አብርቶ፣ ጡሩምባ እየነፋ፣ የመንገዱን ጠርዝ እየተከተለ ይወርዳል፤ በባሕር ላይ የመንገድ ጠርዝ የለም።

ስለዚህ የቀረው ተስፋ ራዲዮ ነበር። ኢታስካ የተባለች የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መርከብ በሃውላንድ አጠገብ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ጉድለቱም የተከማቸው እዚህ ላይ ነው። ለዝቅተኛው ሞገድ የሚያገለግለው ረጅም ተጎታች ሽቦ ከብዶና አስቸግሮ ስለ ታየ በማያሚ ቀርቷል። አሚሊያም ኑናንም የሞርስን ፊደል በሚገባ አያውቁም ነበር፤ መርከቢቱ ግን በሞርስ ትጣራለች። የሚነጋገሩበት ሞገድ አስቀድሞ በደንብ አልተወሰነም። ማኒንግ ቢኖር ኖሮ እነዚህን ሁሉ ያስተካክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ደፋር ነጂ ይህን ያህል ነገር ለዕድል ትታ መነሣቷን ላወድስላት አልችልም።

በጁላይ 2 ቀን 1937፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 25 ቀን 1929፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ 4,000 ሊትር ቤንዚን ተሸክማ አይሮፕላኗ ከላኤ ተነሣች። ሌሊቱ ሲጋመስ አልፎ የአሚሊያ ድምፅ ለኢታስካ ተሰማ፤ ሰማዩ ደመና መሆኑን ትናገር ነበር። ንጋት ላይ ያለችበትን አቅጣጫ ለክተው እንዲነግሯት ጠየቀች፤ ለመለካት እንዲችሉም በማይክሮፎኑ ላይ አፏጨች። ነገር ግን ንግግሯ አጭር ስለ ነበር ሊለኩ አልቻሉም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ድምፁ በጣም ቀረበ። ከመርከቢቱ በላይ መድረስ እንደሚገባቸው፣ ነገር ግን እንደማይታያቸው፣ ቤንዚንም እያለቀ መሆኑን፣ 300 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚበርሩ አስታወቀች። በመርከቢቱ የነበሩት ድምፁ ከመጉላቱ የተነሣ አይሮፕላኗን በዐይናቸው ለማየት ወደ ሰገነቱ ወጡ፤ ጥቁር ጭስም ለቀቁ። እነርሱ የሚሉትን ግን እርሷ አትሰማም። በሌሊቱ ሁሉ ምልክታቸውን የሰማችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ራሷ በጠየቀችው ሞገድ ነበር፤ የአቅጣጫ መፈለጊያ መሣሪያዋ ግን ያን ሞገድ ሊለካ የሚችል አልነበረም።

በደሴቲቱ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሲሆን በስተሰሜን ምዕራብ ደመና ተቆልሎ ይታይ ነበር። ከደመና በታች የሚበርር ሰው የደመናው ጥላ በባሕሩ ላይ ደሴት እየመሰለ ያታልለዋል። የመጨረሻው ወሬ የደረሰው ከተነሡ ከ20 ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በሚሄድ አንድ መሥመር ላይ ሆነው ወዲያና ወዲህ እየፈለጉ መሆናቸውን ነገረቻቸው። ይህ ከምትወጣ ፀሐይ የተገኘ መሥመር ነው፤ መሥመሩም በደሴቲቱ ላይ የሚያልፍ ነው። ሁለተኛ የሚያቋርጠው መሥመር ስለሌለ ግን ደሴቲቱ በቀኛቸው ትሁን በግራቸው የሚነግራቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ድምፅ ጠፋ።

የአሜሪካ መንግሥት በመርከብና በአይሮፕላን፣ ሌክሲንግተን የተባለችውን ታላቅ አይሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጭምር ልኮ፣ 650,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያህል ባሕር አስፈለገ። እስከ ጁላይ 19 ቀን ድረስ ተፈልጎ አንድ ስባሪ እንኳ ስላልተገኘ ፍለጋው ቆመ። በጃንዋሪ 5 ቀን 1939 አሚሊያ መሞቷ በፍርድ ቤት ተወሰነ።

ወሬው ግን አልቆመም። አንዳንዶቹ ጃፓኖች ማርከዋቸዋል ይላሉ፤ አንዳንዶቹ በስተደቡብ ኒኩማሮሮ በምትባል ሰው አልባ ደሴት ላይ አርፈው በውሃ ጥም ሞተዋል ይላሉ። እኔ ቀላሉን አምናለሁ፤ ቤንዚኑ አለቀ፣ ባሕሩ ላይ ወረዱ፣ ሰጠሙ። በዚያ ቦታ የባሕሩ ጥልቀት በሺህ በሚቆጠር ሜትር ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ አንድ የፍለጋ ቡድን ከባሕሩ ወለል በድምፅ ሞገድ ያነሣውን አይሮፕላን የሚመስል ሥዕል አሳይቶ ዓለም ተደንቆ ነበር፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ተመልሰው በቅርብ ቢያዩት ድንጋይ ሆኖ ተገኘ።

ሃውላንድ ዛሬም ሰው የማይኖርባት የወፎች ደሴት ናት። ለአሚሊያ ተብሎ ሦስት የማረፊያ ሜዳ ተዘጋጅቶባት ነበር፤ አንድም አይሮፕላን አርፎበት አያውቅም። በምዕራቡ ዳርቻ በስሟ የተሠራ ነጭ የድንጋይ ግንብ ቆሟል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተጎድቶ ኋላ ታድሶ ነበር፤ አሁን ግን እየፈራረሰ ነው፤ መብራትም የለበትም።